የእትዬ ትርንጎ ደረጃ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ባለቤቴ ይሻረግ፣ "ስትንጎራደድ ወለሉን ጨረስከው፤ ቁጭ በልና የሥራ ዘመንህን ጻፍ" አለችኝ። ደብተር ገዝቼ ተቀመጥኩ። ሰው ስለ ሥራው ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀጠረበት ቀን ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከቀናሁበት ሰው ነው። ሙሉዓለም ይባላል። እሱ ባይኖር ኖሮ በላሊበላ ማዘጋጃ ቤት እንደ እኔ ያለ ቦታ ለኪ አልነበረም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። ምን ያደርጋል፣ እሱ ነበራ! ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ይሻረግ ይህችን ስታነብ "አሁንም?" አለችኝ። አዎ፣ አሁንም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ። ደግሞስ ቅናቴን ደብቄ ምን ልጽፍ ነው? በእኔ ቅናት የተነሣ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ቤት መሥሪያ ቦታቸውን አጥተዋል። የምጽፈው ይህንኑ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ላሊበላ አጠገብ ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ፣ ብልባላ ነው። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና እግሩን ሲተክል፣ እዚያ መዝገብ ያዥ ሁኜ ተቀጠርኩ። ሥራው ከሰው ይልቅ ከአቧራ ጋር ነበር። ገበያ ቀን ሰው ሁሉ አህያውን ከቢሮው ደጃፍ አስሮ ይገባና "ስሜ አለ ወይ?" ይለኛል። አለ ስለው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ለምን እንደሚጠይቅ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ ወደ ላሊበላ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው፣ ጭቃውም ያው ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ያን ጊዜ የነበረው አንድ ቦታ ለኪ ነው፤ አያ ንጋቱ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። እኔና ሙሉዓለምን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሙሉዓለም ከእኔ አንድ ወር ዘግይቶ ነው የተቀጠረ፤ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ሲናገር ድምፁ አይሰማም። ሰው ግን እሱን ለመስማት ሲል ዝም ይላል! እኔ ስናገር ግን አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው ሰዓቱን ያያል።

የአያ ንጋቱ አሠራር እንዲህ ነበር። ሜትራቸው የጨርቅ ነው፤ ክረምት ከገባ ከካፖርቱ ውስጥ ደረታቸው ላይ ይይዙታል። "እርጥብ ሜትር ውሸታም ነው፣ ይሳባል" ይላሉ። ከአንድ ሰው ቤት ሲደርሱ ሜትሩን ቶሎ አይዘረጉም። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፣ ውኃ ይለምናሉ። ውኃው እስኪመጣ ዓይናቸው ሥራ ላይ ነው፤ ጣራውን ያያሉ፣ ጥላሸቱን ያያሉ፣ ስንት መደብ እንዳለ ያያሉ። ወሰኑን ባለቤቱን አይጠይቁም። ጎረቤቱን ነው የሚጠይቁ፤ "የራሱን መሬት የማያሰፋ ሰው አልተፈጠረም" ይላሉ። ከዚያ ይለካሉ፣ ለክተው ሲጨርሱ ጫፍና ጫፍ የያዝነውን ሰዎች ቦታ አቀያይረው እንደገና ይለካሉ። ችካል ሲተክሉ ከሥሩ እፍኝ ከሰል ይቀብራሉ። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ድንጋይ የሚነቅል አይጠፋም፤ ከሰል ግን ሃምሳ ዓመትም ቢሆን ቆፍረህ ታገኘዋለህ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ነበራቸው። ቤተሰብ ሲመዘግቡ ጣራ አይቆጥሩም፣ ጉልቻ ነው የሚቆጥሩ። "በአንድ ጣራ ሥር ሦስት ጉልቻ ካለ ሦስት ቤት ነው። ጉልቻውን በዓይንህ ሳታይ አትጻፍ" ይሉናል። ይህንን ለሁለታችንም እኩል ነው የነገሩን። እኔ አልሰማሁም እንዳልል፣ በደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

ቅናቴ የጀመረበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። ሁለት ጎረቤታሞች በጠፈጠፍ ተጣልተው ክስ መጣ፤ የአንዱ ጣራ ውኃ የሌላውን ግድግዳ ያርሳል የሚል ነው። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። ለካሁ፣ ንድፍ ሠራሁ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሁለቱንም ጠርቼ አነበብኩላቸው፣ ሁለቱም ሰደቡኝ። በመጨረሻ ፋይሉ ለሙሉዓለም ተሰጠ። ሄዶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ምንም! ከሰዎቹ ጋር ደጃፍ ተቀምጦ ዝናብ ጠበቀ። ከሰዓት ዘነበ። ተነሥቶ ውኃው የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ጠጠር ደረደረ። "ይሄ ያንተ፣ ይሄ ያንተ" አላቸው። ተሳስመው ተለያዩ። በማግሥቱ አንደኛው ሰውዬ ቢሮ ድረስ መጥቶ በእኔ ፊት፣ "ይሄ ልጅ የተባረከ ነው፤ እዚህ ቤት ከተቀመጡት ሁሉ እሱ ይበልጣል" አለ። ከተቀመጡት ሁሉ ሲል ከእሱ ሌላ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። 

ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣ "ሙሉዓለም አለ?" ነው የሚለው። "የለም፣ እኔ ልርዳዎት" ስል "ግድ የለም፣ እጠብቀዋለሁ" ይሉኛል። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል!

በዚያ ዘመን ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። ሠራተኛው ተሰብስቦ አንዱ ሌላውን ይሄሳል፣ የተሄሰ ደግሞ ሂሱን ይውጣል። እኔ ለዚያ ቀን እንደ ሙሽራ ነበር የምዘጋጅ። ተነሥቼ፣ "አቶ ሙሉዓለም ሥራ ያጓትታሉ፤ ከባለጉዳይ ጋር ውኃ ሲጠጡ ይውላሉ" አልኩ። ሙሉዓለም እየሰማ በደብተሩ ጻፈው። ሲጨርስ "አመሰግናለሁ፣ አስተካክላለሁ" አለ። እኔን የመተቸት ተራው ሲደርስ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። እሱ፣ "አስማማው ጽሕፈቱ ያምራል፤ እኔ ገና አልደረስኩበትም" ብሎ ቁጭ አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ በቅዱስ ላሊበላ!

አያ ንጋቱ ነገሩ ገብቷቸዋል። አንድ ቀን ከልኬት ሥራ ስንመለስ፣ "ሙሉዓለም ታድሏል" አሉኝ።

"ምን አገኘ ደግሞ?" አልኩ ቀልጠፍ ብዬ።

"ሰው ሁሉ ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ ይጸልያል። የእሱን እግዜር ሰምቶ አንተን ሰጠው" ብለው ሳቁ። እኔም እንደ መሳቅ አልኩ። ጡረታ ሲወጡ ያቺን የጨርቅ ሜትር ለማን ሰጧት? ለሙሉዓለም። ለእኔ ጃንጥላቸውን ሰጡኝ። ጃንጥላ! ፀሐይ መታኝ ብያለሁ? ይሻረግ ጃንጥላውን አይታ "ጥሩ ነው፣ አዲስ ነው" አለች። አዲስ መሆኑ ነው ይብስ ያናደደኝ፤ ሜትሩ ግን ሃያ ዓመት የዞሩበት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያሉት ሰፈሮች ይነሡ፣ ነዋሪው ራቅ ብሎ አዲስ ቦታ ይሰጠው የሚል ውሳኔ መጣ። የከተማው ምክር ቤት ሕዝቡን ሰበሰበ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይሰማ ነበር። አንድ ቄስ ተነሥተው "እዚያ ሁነን ደወሉን ከየት እንሰማለን?" አሉ። አንዲት ሴት "ውኃ አለ ወይ? መጀመሪያ ውኃ አለ ወይ በሉን!" አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዱላቸውን ተደግፈው፣ "ጣራዬ ያፈስሳል። ላድስ ስል ተነሺ ነህ ትሉኛላችሁ። በሉ ልነሣ ስል ቦታው አልተዘጋጀም ትሉኛላችሁ። ቁርጤን ንገሩኝ፣ ልቀመጥ ወይስ ልነሣ?" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፣ አፈ ጉባኤው ሳይቀር። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

ምክር ቤቱ የወሰነው እንዲህ ነው። ለአንድ አባወራ ወይም ለአንዲት እማወራ አንድ ቦታ ይሰጣል፤ የቦታው ስፋት ደግሞ በቤተሰቡ ቁጥር ይሆናል። ተነሺዎቹን የምንመዘግበው እኔና ሙሉዓለም ነን። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ኃላፊያችን፣ እሱም ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣ ችኩል ሰው ነበር፣ "መዝገቡን ቀድሞ ያስረከበ በምክር ቤቱ ፊት ሪፖርቱን ያቀርባል" አለን።

ይህቺ ናት ሽልማቷ። ሹመት አይደለ፣ ጭማሪ አይደለ፤ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ወረቀት ማንበብ! እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሙሉዓለም ቆሞ ሲያነብ፣ ያ አዳራሽ ድምፁን ለመስማት ጸጥ ሲል ታየኝ። ከሞትኩ በኋላ ነው አልኩ።

የላሊበላን የድሮ ቤት ለማያውቅ ልንገረው። ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ክብ ባለ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ የራሱ በር አለው። ወደ ላይኛው የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ደግሞ በውጭ በኩል ግድግዳውን ታኮ ይወጣል። ከታች አንድ ቤተሰብ፣ ከላይ ሌላ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል፤ ጣራው ግን አንድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ መውጣት ያስፈልግ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉንም ወጣሁ። ውኃም ጠየቅሁ፣ ጉልቻም አየሁ።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጀመረ። አለባቸው የሚባል ሰው ቤት ደረስኩ። ምድር ቤቱ ገብቼ የእሱን ቤተሰብ መዘገብኩ።

"ከላይስ ማን አለ?" አልኩት።

"የሟች ወንድሜ ሚስት ናት፣ ትርንጎ። ያው ከእኛው ጋር ናት፤ ከእኛው ደምራት" አለኝ።

የደመርኳት እንደሆነ የእሱ ቦታ ይሰፋል፤ ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ወጣ ብዬ ደረጃው ሥር ቆምኩ። ድንጋዩ ርሶ ያብለጨልጫል። ቀና ስል የላይኛው በር ገርበብ ብሏል፣ በበሩ በኩል ጭስ ይወጣል። የራሷ እሳት አላት ማለት ነው። አየሁት። አላየሁም አልልም። በዚያው ቅጽበት አንድ የቢሮአችን ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ "አስማማው፣ ሙሉዓለምኮ አራት ቤት ነው የቀረው!" ብሎኝ ሄደ። የእኔም የቀረኝ አራት ነበር። መዝገቡን በጉልበቴ ላይ አድርጌ "ትርንጎ፣ የአለባቸው ቤተሰብ አባል" ብዬ ጻፍኩና ሮጥኩ።

ቀድሜ አስረከብኩ። ሪፖርቱን አነበብኩ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰው ተኝቶ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ስም ዝርዝሩ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን እትዬ ትርንጎ መጡ። ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ ቅዳሜ ገበያ ድርና ማግ የሚሸጡ ሴት ናቸው። እጃቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር።

"ልጄ፣ ስሜን አስነበብኩ፣ የለም አሉኝ" አሉ።

"አለ፣ ከአለባቸው ጋር ነዎት።"

"ከአለባቸው ጋር? ባሌ ከሞተ ወዲህ ከአለባቸው ቤት ጨው እንኳ ተውሼ አላውቅም! እኔ የራሴ ቤት ነው ያለኝ፤ ለብቻዬ ነው የማበስለው፣ ለብቻዬ ነው የማድረው። ቦታዬን ስጡኝ።"

ይህን ሲሉ ሙሉዓለም ከጠረጴዛው ተነሥቶ መጣ። መዝገቡን አየ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አስማማው፣ ወጥተህ አይተኸዋል?" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን የጠየቀኝ "ኧረ አላየሁም፣ ላርመው" እል ነበር። አንድ መስመር ሰርዞ አንድ መስመር መጻፍ ነው። እሱ ሲለኝ ግን ደሜ ፈላ። "አንተ ደግሞ የራስህን መዝገብ ጠብቅ!" አልኩት በሰው ፊት።

ጉዳዩ በአቤቱታ ምክር ቤት ገባ። እትዬ ትርንጎ ቆመው፣ "ከላይ ሁኜ ድምፁን ሰማሁት። ይወጣል ብዬ አጎዛ አነጠፍኩለት። አጎዛውን አንጥፌ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ደጄን አልረገጠም" አሉ። አለባቸው ተነሥቶ ከእኛው ጋር ናት አለ። አፈ ጉባኤው ወደ እኔ ዞረ።

"አቶ አስማማው፣ ደረጃውን ወጥተው ቤቱን አይተዋል?"

ዓይኔን ሳነሣ ያየሁት እትዬ ትርንጎን አይደለም። አያ ንጋቱ እንደ አገር ሽማግሌ ተጠርተው ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው ሙሉዓለም ነው። እጃቸው ትከሻው ላይ ነበር። የእኔን ትከሻ አንድ ቀን እንኳ ነክተውት አያውቁም።

"ወጥቻለሁ" አልኩ። "አንድ ቤተሰብ ነው።"

የመንግሥት መዝገብ ነው፣ ማኅተም አለው። ምክር ቤቱ እጅ አወጣና መዝገቡ ይጽና አለ። እትዬ ትርንጎ አልጮሁም። ነጠላቸውን አስተካክለው "እሺ እንግዲህ፣ እግዜር ይይላችሁ" ብለው ወጡ።

ደጅ ስወጣ አያ ንጋቱ ጠበቁኝ።

"ደረጃው ስንት እርከን አለው?" አሉኝ።

"ዘጠኝ ይሆናል" አልኩ።

"ዐሥራ አንድ ነው። ሦስተኛው ተሰብሯል፤ የወጣ ሰው ሁሉ እግሩ ያውቀዋል።" ቀረብ አሉኝ። "ውስጥ ያልተናገርኩት ራስህ እንድታርመው ነው። ነገ ግባና ተሳስቻለሁ በል። እኔ አልናገርብህም።"

እንግዲህ ልብ በሉ፣ አላዋረዱኝም። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት አድነውኛል። እኔ የተረዳሁት ግን እንዲህ ነው፦ ሙሉዓለም ነግሯቸዋል፣ ሁለቱ መክረውብኛል! ነገ እላለሁ አልኩ፤ ነገ ሌላ ነገ ወለደ። በዚያው ክረምት አያ ንጋቱ ታመው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሙሉዓለም እንደ ልጅ አለቀሰ፣ ሰውም እንደ ልጃቸው አጽናናው። እኔ ጃንጥላቸውን ይዤ ቆሜ፣ በለቅሶው እንኳ ቀናሁ። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ሰፈሩ ፈረሰ። አለባቸው ሰፊ ቦታ አገኘ። ለእትዬ ትርንጎ አጥር ጥግ ላይ ዳስ የመሰለች ነገር ሠራላቸው፤ ዓመት ሳይሞላ ተጣልተው ወጡ። ከዚያ ኑሯቸው ኪራይ ሆነ። በላሊበላ ኪራይ ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። የገና በዓል ሲደርስ እንግዳ ከየአገሩ ይጎርፋል፣ አከራይ ሁሉ ክፍሉን ለእንግዳ ይፈልገዋል። "እማማ፣ ለበዓሉ ትንሽ ይውጡልን" ይሏቸዋል። አገር ምድሩ ወደ ላሊበላ ሲገባ እሳቸው ጓዛቸውን በአንሶላ ቋጥረው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ነአኩቶ ለአብ፣ ዘመድ ቤት ይወጣሉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እኔን ቀድመው "እንደምን ዋልክ?" ይሉኛል። አንድ ዓመት ዝቅ ብዬ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ሌላ ዓመት በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ሙሉዓለም ፋይሉን አልዘጋውም። በየዓመቱ የነዋሪው መድረክ ሲጠራ "የወይዘሮ ትርንጎ ጉዳይ አልተቋጨም" ብሎ ያነሣል። መዝገቡ ጸንቷል ይባላል። በዓመቱ ደግሞ ያነሣል። የአሠራር ለውጥ የሚባለው መጣ፣ ጠረጴዛዎቻችን ተቀያየሩ፣ ቅጹ በዛ፣ አለቃ ተለዋወጠ፤ እሱ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆነ። እኔ በእሱ ፊርማ ፈቃድ መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እንዲያው ትንሽ ቢበድለኝ ምን ነበረበት? ቂም የምይዝበት ነገር አጣሁ።

ጡረታዬ ስድስት ወር ሲቀረው፣ ይሻረግ ከዕድር ስትመለስ ወሬ ይዛ መጣች።

"ሙሉዓለም በሚቀጥለው ጉባኤ ሊናገር ነው አሉ" አለችኝ። "ስለዚያች ስለ ፈታይዋ ሴትዮ። ስህተቱ የጽሕፈት ቤታችን ነው፣ ኃላፊው እኔ ነኝና ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ ይላል አሉ። አቤት ሰው!"

"ምን?" አልኩ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። "ጥፋቱን? የእኔን ጥፋት?"

"ታዲያ ምን አስነሣህ?"

"እንዴት አልነሣ! ሜትሩን ወሰደ፣ ሰውን ሁሉ ወሰደ፣ ወንበሩን ወሰደ። አሁን ደግሞ ጥፋቴን ሊወስድብኝ ነው? አገሩ ሁሉ ሊመርቀው በእኔ ኃጢአት?"

ይሻረግ አሥር ዓመት ሙሉ ጠርጥራ ኖሯል፤ ጠይቃኝ ግን አታውቅም። "አልወጣህም ነበር ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ።

"አልወጣሁም።"

"እንግዲያው ቅደመው" አለች። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠች።

ንስሐ የገባ ሰው ልቡ ተሰብሮ ይጽፋል አሉ። እኔ የጻፍኩት ሙሉዓለምን ለመቅደም ነው። "በተነሺዎች ምዝገባ ጊዜ የወይዘሮ ትርንጎን ደረጃ አልወጣሁም። ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ። በምክር ቤቱ ፊት ወጥቻለሁ ያልኩት ሐሰት ነው" ብዬ ፈረምኩ፣ ጠዋት ለአፈ ጉባኤው ሰጠሁ። የዲሲፕሊን ቅጣት ተፈረደብኝ፤ ተገቢ ነው። ጉባኤው ላይ ደብዳቤዬ ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ አለ። በሥራ ዘመኔ ሰው ጸጥ ብሎ የሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሙሉዓለም ከጉባኤው በኋላ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። "ቦታውን አብረን እንለካዋለን" አለኝና ሄደ።

ምክር ቤቱ ለእትዬ ትርንጎ ቦታ ፈቀደ። ከአዲሱ ሰፈር ጫፍ ላይ ነው፣ ትንሽ ያዘቀዝቃል፣ ግን የራሳቸው ነው። ልናስረክባቸው ሄድን፣ እኔና ሙሉዓለም። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ሙሉዓለምን ሲያዩት ጉልበቱን ሊስሙ ዝቅ አሉ፤ እሱ ደንግጦ ደግፎ አነሣቸው።

"ሙልዬ፣ ዕድሜህን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው! ልጆችህ ይባረኩ! አሥር ዓመት ሙሉ ያልረሳኸኝ፣ አንተን የወለደች ማኅፀን ትባረክ!"

እሱ "ኧረ እኔ አይደለሁም እማማ፣ እኔ አይደለሁም" ይላል። እሳቸው አይሰሙትም፣ ይመርቁታል። እኔ ችካልና መዶሻ ይዤ ቆሜያለሁ። በገዛ እጄ ጽፌ፣ በገዛ እጄ ፈርሜ፣ ተቀጥቼ ያስመለስኩት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ምርቃቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ያ የድሮው ቅናት ተነሣብኝ። ልይዘው አልቻልኩም።

"እትዬ ትርንጎ!" አልኩ፣ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮሆ ወጣ። "ይሄ ቦታ የተመለሰው በእኔ ደብዳቤኮ ነው! የጻፍኩት እኔ ነኝ!"

ምርቃታቸውን አቋረጡ። ዞረው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው ያዩኝ።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ። "የመጀመሪያውንም የጻፍከው አንተ ነህ።"

ሙሉዓለም ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "ይማሩኝ" ገና ድሮ ማለት ነበረብኝ፣ ያን ጊዜ ነው ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ይቅርታውን ቤቴ ስትገባ እናወራዋለን፤ አሁን ቤት የለኝም" አሉ እትዬ ትርንጎ። በከዘራቸው ጥጉን አሳዩኝ። "በል፣ ችካሉን ትከል።"

ሙሉዓለም ሜትሩን ሳበ፣ እኔ ተንበርክኬ መታሁ። እትዬ ትርንጎ ጎንበስ ብለው ችካሉን በእጃቸው ያዙና ወዘወዙት።

"ይነቃነቃል" አሉ።

ደግሜ መታሁ።